ከሄልገን ከወጡ በኋላ፦ የስካይሪም ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጌም ናቸው፤ ዘንዶና አስማት በሞላበት ዓለም ገጸ ባሕሪዎን እያሳደጉ ስለሚጫወቱት ስለ ስካይሪም። ሄልገን ጌሙ የሚጀምርባት ከተማ ናት። ጌሙ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ነው። ስፔሻል ኤዲሽን የተባለው በ2016፣ አኒቨርሰሪ ኤዲሽን ደግሞ በ2021 ተከተሉት። ዕድሜው ቢገፋም ዛሬም በየቀኑ አዲስ ሰው ይጀምረዋል፣ አዲስ ሰውም በዚያው በድሮው ቦታ ይሞታል። ጀማሪን የሚጥለው የጣት ፍጥነት ማነስ አይደለም። ጌሙ ከጀርባ የሚሠራውን ሒሳብ ማንም ስለማይነግረው ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ሒሳብ ባለበት ሁሉ ቁጥሩን አስቀምጠናል።

ሁለት ቃላት በየመልሱ ይመላለሳሉ። ስኪል የምንለው በአጠቃቀም የሚያድግ ችሎታ ነው፤ በሰይፍ ሲመቱ የሰይፉ፣ በጋሻ ሲመክቱ የጋሻው ይጨምራል። ፐርክ ደግሞ ሌቭል (የገጸ ባሕሪዎ ደረጃ) በጨመሩ ቁጥር የምትሰጥ አንዲት ነጥብ ናት፤ በመረጡት ስኪል ሥር ያውሏታል።

ጥያቄ፦ ገና ሲጀመር አሥር ዘር ይቀርባል። ከተሳሳትኩ መቀየር አይቻልም ብለው አስፈራርተውኛል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ አንዴ ከተመረጠ በተለመደው መንገድ እንደማይቀየር እውነት ነው። የሚያስፈራውን ያህል ግን ለውጥ አያመጣም። ሁሉም በ100 ሄልዝ (ጤና)፣ በ100 ማጂካ (የአስማት ኃይል) እና በ100 ስታሚና (የሰውነት ጉልበት) ይጀምራል። ከዚህ የሚለየው ሃይ ኤልፍ ብቻ ነው፤ 50 ማጂካ ይጨመርለታል። 18ቱ ስኪሎች መነሻቸው 15 ሲሆን ዘር የሚሰጠው በአንዱ ላይ 10፣ በሌሎች አምስት ላይ 5፣ 5 ነጥብ ነው። ይህ ልዩነት በጥቂት ሰዓት ጨዋታ ይደመሰሳል።

እስከ መጨረሻው አብሮዎት የሚዘልቀው የዘሩ ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው። ብሬተን ከየትኛውም አስማት 25 በመቶውን ይቀንሳል። ኖርድ ከውርጭ፣ ዳርክ ኤልፍ ከእሳት፣ ሬድጋርድ ከመርዝ ጉዳት ግማሹን ያስቀራሉ። ኦርክ በቀን አንድ ጊዜ ለ60 ሰከንድ ይቆጣል፤ በዚያች ደቂቃ የሚሰነዝረው ዱላ እጥፍ ይሆናል፣ የሚያርፍበት ደግሞ ግማሽ። ምን ዓይነት ተጫዋች እንደሚሆኑ ገና ካላወቁ ብሬተንን ይያዙ። ለጎራዴም ለአስማትም ይመቻል፣ 25 በመቶዋም ኋላ አስማተኞች ሲበዙ ዋጋዋ ይታወቃል። ፊት ለፊት ገጥሞ መምታት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት ኦርክ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በሄልገን ዘንዶው ሲመጣ ከኢምፓየሩ ወታደር ከሃድቫር ወይም ከስቶርምክሎክ አማፂው ከራሎፍ ጋር ሽሽ ይለኛል። በሁለቱ ወገኖች ጦርነት ውስጥ ጎራ መያዜ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በዚያች ቅጽበት የሚወስኑት ከምሽጉ ማን ጋር እንደሚወጡ ብቻ ነው። ጎራ የሚያዘው ብዙ ቆይቶ፣ ለኢምፓየሩ በሶሊቲውድ፣ ለስቶርምክሎክ በዊንድሄልም በይፋ ሲመዘገቡ ነው። ከሃድቫር ጋር ወጥተው ኋላ ከስቶርምክሎክ ቢሰለፉ የሚከለክልዎ የለም።

ከምሽጉ ሳይወጡ አንድ ነገር እንዳያልፍዎ፦ በማሠቃያው ክፍል በተቆለፈ የብረት ጎጆ ውስጥ የሞተ አስማተኛ አለ። የለበሰው ቀሚስና አጠገቡ ያለው የአስማት መጽሐፍ ለአስማት ተጫዋች ትልቅ ስንቅ ናቸው። መጽሐፉ ስፓርክስ የተባለውን መብረቅ ያስተምራል።

ሲወጡ አኒቨርሰሪ ኤዲሽን ላይ ከሆኑ ሰርቫይቫል ሞድ ይብራልህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አይቀበሉት። ረሃብ፣ ድካምና ብርድ ይጨምራል፣ ሄልዝ በራሱ ማገገሙን ያቆማል፣ በካርታ ላይ ነክቶ መጓዝም ይቀራል። ጌሙን ካወቁት በኋላ ግሩም ነው። ሳያውቁት ግን ቅጣት ነው የሚሆንብዎ።

ጥያቄ፦ ሌቭል 14 ነኝ። ሪቨርዉድ ተቀምጬ ብረት ስቀጠቅጥ፣ ስገዛ ስሸጥ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ከመንደር ስወጣ ተራ ሽፍታ በሁለት ምት ይገድለኛል። ሌቭሌ ካደገ ለምን ደከምኩ?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህን ቀስ ብለን እንመልሰው፤ የጌሙ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ስካይሪም ውስጥ ሌቭል የሚያድገው ጠላት በመግደል አይደለም፤ ስኪል በማሳደግ ነው። የትኛውም ስኪል ከፍ ሲል የደረሰበት ቁጥር ያህል ነጥብ ወደ ሌቭልዎ ይገባል። ሰይፍ ከ19 ወደ 20 ሲያልፍ 20 ነጥብ፣ ብረት ቀጥቃጭነት ከ49 ወደ 50 ሲያልፍ 50 ነጥብ። ከሌቭል 1 ወደ 2 ለመሻገር 100 ነጥብ ያስፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ በየሌቭሉ 25 ይጨመራል፤ 125፣ 150፣ 175 እያለ ይሄዳል።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩት። ብረት ቀጥቃጭነትን ብቻ ከ15 ወደ 50 ቢያደርሱ ከ16 እስከ 50 ያሉት ቁጥሮች ተደምረው 1155 ነጥብ ይሆናሉ። ሌቭል 7 ለመድረስ የሚያስፈልገው በድምሩ 975 ነው። አንድ ጠላት ሳይነኩ፣ ከምድጃው ሳይነሱ ሌቭል 7 ገቡ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ጌሙ ብዙዎቹን ጠላቶች የሚያሰማራው በእርስዎ ሌቭል ልክ ነው። ሽፍታ አንድ ዓይነት እንዳይመስልዎ። ሌቭል 1 ሲሆኑ የሚያገኙት ተራው ሽፍታ ነው። ከ5 ጀምሮ አውትሎ፣ ከ9 ታግ፣ ከ14 ሃይዌይማን የሚባለው ይቀላቀላል። ደረትዎን ነፍተው የወጡት ልክ ሃይዌይማኑ በሚመጣበት ሌቭል ነው፣ የሰይፍና የጥሩር ስኪልዎ ግን ሄልገን ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም። የደከሙት እርስዎ አይደሉም። ጠላት አድጎ የጦር ችሎታዎ ስለቀረ ነው።

መፍትሔው አዲስ ጨዋታ መጀመር አይደለም። በመጀመሪያ ከሴቲንግ ገብተው የጨዋታውን ክብደት ለጊዜው ዝቅ ያድርጉት። ስድስት እርከን አለው፤ በመካከለኛው በአዴፕት ጉዳቱ ሳይጨመር ሳይቀነስ ያልፋል። በአፕረንቲስ የሚሰነዝሩት 1.5 ጊዜ ይሆናል፣ የሚያርፍብዎ 0.75 ጊዜ። በኖቪስ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይመታሉ፣ ግማሹን ይቀበላሉ። በፈለጉ ሰዓት ይቀየራል፣ ምንም የሚቀነስብዎ ሽልማት የለም፣ የሚያሳፍርም አይደለም።

ቀጥሎ የጦር ስኪሉን በገንዘብ ያሳድጉ። አሠልጣኞች በአንድ ሌቭል አምስት ጊዜ ያስተምራሉ። ቀስት የሚወዱ ከሆነ ሪቨርዉድ ውስጥ ፌንዳል አለ፤ እስከ 50 ያሠለጥናል። ካሚላ በተባለችው ልጅ ላይ ከስቬን ጋር የገባበትን ፉክክር በእሱ ወገን ሆነው ከጨረሱለት ተከታይዎ፣ ማለትም አብሮዎት የሚዞርና የሚዋጋ ጓደኛ ይሆናል። ተከታይ ከሆነ ደግሞ ዕቃውን መክፈት ይችላሉ፣ ለሥልጠና የከፈሉትም ወርቅ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። መልሰው ይውሰዱት።

ሦስተኛው ከሄልገን ወደ ሪቨርዉድ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉት ሦስቱ የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። የጦረኛው ድንጋይ የጦር ስኪሎችን፣ የአስማተኛው የአስማትን፣ የሌባው የስውርን በ20 በመቶ ያፋጥናሉ። አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው፣ ነገር ግን ተመልሰው ሄደው መለወጥ ይችላሉ። በዚያ ላይ በተከራዩት ወይም በራስዎ አልጋ ሲተኙ ለስምንት የጌም ሰዓት ያህል ሁሉም ስኪል በ10 በመቶ ፈጥኖ ያድጋል።

ቀጥቃጭነቱ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። የብረት ሰይፉን በመሳያው ድንጋይ፣ ጥሩሩን በሥራ ጠረጴዛው ያሻሽሉ። ለብረት ዕቃ አንድ ጥፍጥፍ ብረት፣ ለስቲል አንድ ጥፍጥፍ ስቲል ይበቃል። ስኪልዎ ከፍ ባለ መጠን የሚጨምረው ጉዳትም ይበዛል። ስቲሉን እራስዎ ለማቅለጥ አንድ የብረት ማዕድንና አንድ ኮረንደም ያስፈልጋል። ድግምት ያለበትን መሣሪያ ግን ስኪሉ 60 ደርሶ አርኬን ብላክስሚዝ የተባለውን ፐርክ ካልወሰዱ ማሻሻል አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ፐርኮቼን እኩል አከፋፍዬ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ወስጃለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ከሁለት ያጣ የሚሆኑት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ፐርኮች በሦስት ስኪሎች ላይ ብቻ ያውሏቸው፤ አንድ የሚገድል፣ አንድ የሚጠብቅ፣ አንድ የሚያግዝ። ለምሳሌ የአንድ እጅ መሣሪያ፣ ከባድ ጥሩር፣ ጋሻ። ወይም ቀስት፣ ቀላል ጥሩር፣ ስውርነት። ወይም ሦስቱን የአስማት ዓይነቶች፣ ዲስትራክሽን (የሚጎዳ)፣ ኮንጁሬሽን (ረዳት ፍጡር የሚጠራ)፣ ሬስቶሬሽን (የሚፈውስ)።

በአንድ እጅ መሣሪያ ሥር ያለችው የመጀመሪያዋ ፐርክ አርምስማን ትባላለች፤ ጉዳቱን በ20 በመቶ ትጨምራለች። አምስት እርከን አላት፤ ስኪሉ 20፣ 40፣ 60 እና 80 በደረሰ ቁጥር ቀጣዩ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ስኪሉ ስላልደረሰ የሚፈልጉት ፐርክ ከተቆለፈ ነጥቧን በማይፈልጉት ላይ አያባክኗት፤ ሳትጠፋ ትቀመጣለች። ቁልፍ መስበሪያው ላይ ፐርክ አያውሉ። ከባዱም ቁልፍ ያለ ምንም ፐርክ በእጅ ጥንቃቄ ይከፈታል።

በየሌቭሉ ከሦስቱ በአንዱ ላይ 10 ይጨምራሉ። ሄልዝ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ስታሚና ወይም ማጂካ ላይ አንድ ጊዜ እያደረጉ ቢሄዱ አይጸጸቱም። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ፤ ሌቭል ሲጨምሩ ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ። ስለዚህ ሌቭል ለመጨመር ዝግጁ ነህ የሚለው መልእክት ሲመጣ ወዲያው አይቸኩሉ። አስፈሪ ውጊያ ከፊትዎ ካለ ያቆዩት፤ ሞት አፋፍ ሲደርሱ ሜኑውን ከፍተው ሄልዝ ይጨምሩና ሞልተው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ከረጢቴ ሁልጊዜ ሞልቶ መሮጥ አልችልም። ምን ልጣል?

መልስ፦ የመሸከም አቅምዎ መነሻው 300 ነው። ስታሚና በመረጡ ቁጥር 5 ይጨመራል። ከዚያ ካለፈ መሮጥም፣ በካርታ መጓዝም ይከለከላል።

አንዲት መመዘኛ ይያዙ፤ የዕቃው ዋጋ ለክብደቱ ተካፍሎ 10 ካልደረሰ ይተዉት። የብረት ጥሩር 30 ይመዝናል፣ ዋጋው 125 ነው። ሲካፈል 4 ገደማ። በዚያ ላይ ነጋዴ ሙሉ ዋጋውን አይከፍልም፤ የንግግር ስኪልዎ 15 ሲሆን የሚያገኙት ሲሶውን ያህል፣ ወደ 40 ወርቅ ነው። ለ40 ወርቅ ከጉልበትዎ አንድ አሥረኛውን አስረከቡ ማለት ነው። የከበረ ድንጋይ 0.1፣ መድኃኒት 0.5 ነው የሚመዝነው። ወርቅ፣ ፍላጻና የቁልፍ መክፈቻ ሽቦ ምንም አይመዝኑም፤ ያገኙትን ሁሉ ያንሱ። ዘንዶ ከገደሉ በኋላ አጥንቱ 15፣ ቅርፊቱ 10 ይመዝናል። ዋጋቸው ግን ያን ተሸክሞ መሄድን ያዋጣል።

ዕቃ ሲያስቀምጡ በዋሻና በየመንገዱ ባለ ሣጥን አይሁን። ያጸዱት ዋሻ ከ30 የጌም ቀን በኋላ፣ ያላጸዱት ከ10 ቀን በኋላ እንደገና ይሞላል፤ የእርስዎም ዕቃ ተጠርጎ ይሄዳል። አስተማማኙ የራስ ቤት ነው። ርካሹ ኋይትረን ከተማ ያለው ብሪዝሆም ሲሆን 5000 ወርቅ ይጠይቃል፤ ከብሊክ ፎልስ ባሮ መቃብር የዘንዶውን ድንጋይ አምጥተው ካስረከቡ በኋላ ከያርሉ፣ ማለትም ከከተማው ገዥ፣ አማካሪ ይገዛል። እስከዚያው ትርፉን ተከታይዎ ይሸከም።

ጥያቄ፦ የሄልዝ መድኃኒት ስገዛ ወርቄ አለቀ። እራስን መቀመም ይከብዳል?

መልስ፦ አይከብድም፣ ከጀማሪ ገንዘብ ማግኛዎች ሁሉም ይሻላል። እያንዳንዱ ቅመም አራት ባሕርይ አለው፤ ሁለት ቅመሞች የሚጋሩት ባሕርይ ካለ መድኃኒት ይወጣል። አዲስ ቅመም ባገኙ ቁጥር አንዷን ይብሏት፤ የመጀመሪያዋ ባሕርይ ትገለጻለች። የቀሩት ሲደባልቁ ይታወቃሉ።

መጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው ድብልቅ ስንዴና ሰማያዊ የተራራ አበባ ነው። አበባው በኋይትረን ዙሪያ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። ስንዴው ከእርሻ ላይ ቢለቀም እንደ ስርቆት አይቆጠርም። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ ሳይሆን ሁለት ባሕርይ ነው፤ ሄልዝን ይመልሳሉ፣ የሄልዝንም ጣሪያ ለጊዜው ከፍ ያደርጋሉ። ሁለት ባሕርይ ስላለው ዋጋውም ከተራው ይበልጣል። መቀመሚያው ጠረጴዛ ኋይትረን ውስጥ በአርካዲያ ሱቅና ላይ ቤተ መንግሥቱ በያርሉ አስማተኛ በፋረንጋር ክፍል ይገኛል፤ ለመጠቀም አይከፈልም። ለራስዎ አሥር ያህል አስቀርተው ቀሪውን እዚያው ለአርካዲያ ይሽጡላት። የነጋዴ ገንዘብ ካለቀ በጌሙ 48 ሰዓት ቆይቶ ይተካል።

ስንዴን ከግዙፉ የእግር ጣት ጋር ሲደባልቁት ደግሞ ዋጋው ይተኮሳል። ያ ግን ለመሸጥ ነው፤ ስታሚና እንዳያገግም የሚያደርግ ጎጂ ባሕርይም አብሮ ይወጣል፣ በውጊያ መሐል እንዳይጠጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅመማም ስኪል ነው፣ ሌቭል ያሳድጋል። ከላይ ያልነውን ሒሳብ እያሰቡ ከውጊያ ጋር ያፈራርቁት።

ጥያቄ፦ ትልቅ ምት ስመታ ስታሚናዬ ወዲያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ተራ ምት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

መልስ፦ ትልቁ ምት ሙሉ ስታሚና አይፈልግም። ከዜሮ በላይ ትንሽ እንኳ ካለ ይወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ብዙ ስታሚና ሳይሆን ሳያቋርጥ ጠብ ጠብ የሚል ስታሚና ነው።

ያንን የሚሰጥ ርካሽ ነገር አለ፤ የአትክልት ሾርባ። በየቤቱና በየመጠለያው ካለው ድስት ላይ አንድ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ድንች፣ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ባሮ ሽንኩርት ያዋህዱ። ሾርባው ለ720 ሰከንድ በየሰከንዱ 1 ሄልዝና 1 ስታሚና ይመልሳል። ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ትልቁ ምት አይነጥፍም ማለት ነው። ውጊያ ሳይጀመር አንድ ይጠጡ። ጀማሪዎች አትክልቱን እየረገጡ ሲያልፉ ማየት ያሳዝናል፤ በጌሙ ውስጥ እንደዚህ ጥቅሙ ከዋጋው የበለጠ ነገር ጥቂት ነው።

ጋሻ ከያዙ ደግሞ ጠላት ትልቁን ምት ሊሰነዝር እጁን ሲያነሳ በጋሻው ይግፉት፤ ምቱ ይቋረጣል። በሁለቱም እጅ መሣሪያ የያዘ ሰው መመከት አይችልም፤ ይህን ሳያውቁ ሁለት ሰይፍ የሚይዙ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ በብሊክ ፎልስ ባሮ ውስጥ የበሩ ቁልፍ የሆነውን የወርቁን ጥፍር ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ቀለበቶቹን ባዞርም አልከፈት አለኝ።

መልስ፦ መልሱ በእጅዎ ነው። ከኢንቬንተሪው (ከያዟቸው ዕቃዎች ዝርዝር) የወርቁን ጥፍር ይምረጡና አዙረው መዳፉን ይዩት፤ ሦስት ሥዕል ተቀርጾበታል። ከውጪኛው ቀለበት ወደ ውስጥ ድብ፣ የእሳት እራት፣ ጉጉት ያድርጉና መሐሉ ላይ ጥፍሩን ይክተቱ። ቀደም ብሎ ባለው ክፍል ያሉት ሦስት ዓምዶች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ እባብ፣ እባብ፣ ዓሣ ነባሪ ናቸው። በሌሎች ዋሻዎች የሚያገኟቸው ጥፍሮችም ፍቺያቸውን መዳፋቸው ላይ ነው የያዙት።

ከበሩ ወዲያ የሚነሱት ሙታን ድራውገር ይባላሉ። ግማሹን ውርጭ ይቋቋማሉ፣ መርዝ ፈጽሞ አይነካቸውም። ማንኛውም ገጸ ባሕሪ ከመጀመሪያው የሚያውቀውን የእሳት አስማት ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ከኋይትረን ውጪ ማሞዝ የሚጠብቀው ግዙፍ ሰውዬ በአንድ ዱላ ሰማይ ላይ ሰቀለኝ። እንዴት ነው የሚገደለው?

መልስ፦ ለጊዜው አይገደልም። ግዙፎቹ በእርስዎ ሌቭል ልክ አይቀነሱም፤ ሌቭል 3 የሆነ ተጫዋች ቢቀርባቸው ውጤቱ ያው ነው። ካልነኳቸውና ከብቶቻቸውን ካልተጠጉ አይነኩዎትም። እግራቸውን መሬት ሲመቱና ዱላ ሲያነሱ ካዩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወደ ኋላ ይበሉ።

ሁለተኛው የጀማሪ መቀበሪያ ከኢቫርስቴድ መንደር ተራራው ላይ ወዳለው ገዳም ወደ ሃይ ህሮትጋር በሚወጣው ደረጃ ላይ ያለው የውርጭ ትሮል ነው። ሄልዙ በፍጥነት ያገግማል፣ ስለዚህ መታ አድርጎ መሸሽ አያዋጣም። እሳት ይጎዳዋል። ሌቭል 10 ሳይሞሉ፣ መድኃኒትና የእሳት አስማት ሳይዙ ያን ደረጃ አይውጡ። የግድ ከሆነ በገደሉ ጠርዝ በኩል ሮጠው ይለፉት።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ዘንዶ እፈራለሁ። ማስቀረት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ለፈለጉት ያህል ጊዜ። ከብሊክ ፎልስ ባሮ ያመጡትን ድንጋይ ለፋረንጋር አስረክበው ወደ ምዕራቡ የጥበቃ ግንብ እስካልሄዱ ድረስ ዘንዶዎች በየሜዳው አይወርዱብዎትም። ቀድመው ካርታውን ለመዞር የሚሹ ይህን ይጠቀሙበት። ግን ዘንዶ ካልገደሉ ነፍስ የለም፣ ነፍስ ከሌለ ደግሞ የዘንዶ ቃላት አይከፈቱም። ብዙ ማቆየቱን አንመክርም።

ውጊያው ራሱ ከወሬው ይቀላል፤ ወታደሮች አብረውዎት አሉ። በአየር ላይ ሳለ ከፈራረሰው ግንብ ጥግ በቀስት ይምቱት። ሲያርፍ ከፊቱ አይቁሙ፤ እሳቱም ንክሻውም ወደ ፊት ነው። በጎኑ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ ገብተው ይምቱ። ሄልዝ ሲወርድ ሜኑውን ይክፈቱ፤ ሜኑ ክፍት ሲሆን ዓለሙ ይቆማል፣ ተረጋግተው መድኃኒት መጠጣት ይችላሉ።

ከድሉ በኋላ ያርል ባልግሩፍ ሊዲያን ጋሻ ጃግሬ አድርጎ ይሰጥዎታል። የተሻለ ጥሩርና መሣሪያ ይስጧት፤ ከያዘችው ይልቅ የሚበልጠውን ራሷ ትለብሳለች። ሄልዟ ሲያልቅ ተንበርክካ ታገግማለች። በዚያች ሰዓት በስህተት የእርስዎ ምት ወይም እሳት ካረፈባት ግን ትሞታለች፣ አትመለስም። ሰፊ እሳት የሚለቁ አስማተኞች ይጠንቀቁ። በር ላይ ቆማ መንገድ ከዘጋችብዎ ደጋግመው ይግፏት ወይም ቁሚ ብለው ከክፍሉ ውጪ ይተዋት።

ጥያቄ፦ የሰረቅሁትን ዕቃ ማንም አይገዛኝም፤ ወታደሮችም በየደረስኩበት ያስቆሙኛል።

መልስ፦ የተሰረቀ ዕቃ ቢያርቁትም ምልክቱ አይጠፋም። የሚገዙት የሌባ ተቀባዮች ብቻ ናቸው፣ እነሱን ለማግኘት ሪፍተን ካለው የሌቦች ማኅበር መግባት ያስፈልጋል። ወንጀል የሚመዘገበው በየግዛቱ ለየብቻ ነው፤ ዘጠኝ ግዛት አለ፣ በአንዱ የሚፈለግ ሰው በሌላው በነጻ ይሄዳል። ሰው መምታት 40፣ መግደል 1000 ወርቅ ያስቀጣል። ገንዘቡ ካለዎት ይክፈሉ፤ እስር ቤት መተኛት ከስኪሎችዎ ያጠራቀሙትን ዕድገት ይቀንሳል። መንደር ውስጥ ያለ ዶሮ እንዳይገድሉ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ መንደሩ በሙሉ መሣሪያ ይዞ ይነሳብዎታል።

ጥያቄ፦ ከቫምፓየር ጋር ከተዋጋሁ ወዲህ ሄልዜ ቀነሰ። ለምን?

መልስ፦ ፈጥነው ይታከሙ፤ ጊዜ የለዎትም። ሳንግዊናሬ ቫምፒሪስ የተባለ በሽታ ይዞዎታል። ሄልዝን በ25 ያወርዳል፣ በጌሙ 72 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ቫምፓየር ያደርጋል። መያዝዎን ለማረጋገጥ በአስማት ሜኑ አክቲቭ ኢፌክትስ የሚለውን ይዩ። በየከተማው ካሉት መቅደሶች አንዱን ቢነኩ ወዲያው ይለቅዎታል። ቤተ መቅደስ ሩቅ ከሆነ የጭልፊት ላባና የጭቃ ሸርጣን ቅርፊት ደባልቀው የበሽታ መድኃኒት ይቀምሙ። 72 ሰዓቱ ካለፈ ሞርታል ከተማ ያለው ፋሊዮን ይፈውሳል፣ ነገር ግን የተሞላ ጥቁር የነፍስ ዕንቁ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሴቭ ያደረግሁት ሁሉ ልሞት በተቃረብኩበት ቅጽበት ላይ ተያዘ። ስከፍተው እሞታለሁ፣ ስከፍተው እሞታለሁ።

መልስ፦ በኮምፒውተር ኤፍ5 ቁልፍ የሚይዘው ፈጣን ሴቭ ሁልጊዜ በድሮው ላይ ይጽፋል። ጌሙ በራሱ የሚይዛቸው ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው፣ በተራ ይተካካሉ። በሩን ሲያልፉ፣ ሲተኙ፣ ሲጠብቁ ስለሚይዝ ሦስቱም በአንድ ዋሻ ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ ዋሻ ሳይገቡ፣ ውጪ ቆመው፣ ከሜኑ አዲስ ሴቭ የሚለውን ይጫኑ። ቢያንስ አምስት የተለያዩ ይኑርዎት፤ ከተልዕኮ ጋር አብሮ የተበላሸ ነገር ቢኖር ወደ ኋላ የሚመለሱበት መንገድ ያ ብቻ ነው።

አሁን ለተያዘው፦ ጌሙ እንደተከፈተ ጠላት ሳይደርስ ወዲያው ሜኑ ይክፈቱ። ዓለሙ ቆሞ ሳለ ክብደቱን ወደ ኖቪስ ያውርዱት፣ ያለዎትን መድኃኒት ሁሉ ይጠጡ፣ የተጠራቀመ ሌቭል ካለ ይጨምሩና ሄልዝዎ ይሙላ። ከዚያ ሜኑውን ዘግተው አይዋጉ፤ ወደ ገቡበት በር ይሩጡ።